አጋጣሚ ያጣው ቀዶ ሕክምና

የወሎ ገበሬ ነገሩን ከአባቱ ተምሮ በእጁ ያውቀው ነበር። ወይፈን ለቀንበር ሲደርስ ይኮላሻል፤ ለበዓል የታሰበ አውራ ፍየልም በጊዜው ተቀጥቅጦ ሙክት ይሆናል። የተቀጠቀጠው ፍየል ይረጋጋል፣ ስብ ያነሳል፣ እንስት ማሳደዱን ይተዋል። ከሐረጎ ዳገት በላይ ወደ ደሴ፣ ከሐረጎ በታች ወደ ኮምቦልቻ ገበያ የሚነዳው ሰባ ሙክት ሁሉ የዚህ እውቀት ፍሬ ነበር። ነገሩ ከእንስሳ ወደ ሰው ሲሻገርም መደምደሚያው ያው ሆነ፦ የወንድ ዘር መንገዱ ከተዘጋ ጉልበቱም፣ ድምፁም፣ ፍላጎቱም አብሮ ይከስማል።

እንዲህ ያመነው የወሎ ሰው ብቻ አልነበረም። የቻይና፣ የፋርስና የኦቶማን ቤተ መንግሥቶች ጃንደረባ ያሳደሩት በዚሁ እምነት ነበር። የዘር ፍሬው ሳይነካ ዘር የሚያወጣው ቱቦ ብቻ ቢቆረጥ ምን እንደሚከተል ግን ገበሬውም ጃንደረባ አሳዳሪውም የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

መልሱ የመጣው ከአንድ ውሻ ነበር።

ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1823፣ ከተማው ለንደን ነበር። ሰር አስትሊ ኩፐር ከእንግሊዝ ንጉሥ ራስ ላይ ዕባጭ አውጥቶ የባሮኔትነት ማዕረግ ያገኘ፣ ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሊቅ ነበር። የዘር ፍሬን ሲያጠና አንድ ጥያቄ አላስተኛ አለው። ፍሬውን በሕይወት የሚያቆየው የትኛው መስመር ነው? ደም የሚያመላልሰው ወይስ ዘር የሚያወጣው? ለመለየት በአንድ ውሻ ላይ በአንደኛው ጎን የደም ሥሮቹን፣ በሌላኛው ጎን የዘር ቱቦውን ብቻ ቆረጠ።

ደም ያጣው ፍሬ ሞተ። ቱቦው የተቆረጠበት ግን እንደነበረ ቀረ። ኩፐር በዚህ አልረካም፤ ውሻውን አኖረና ጠበቀ። ስድስት ዓመት ጠበቀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ውሻው ከሴት ጋር ሲገናኝ ሁለት ጊዜ ታየ፤ እሷ ግን አላረገዘችም። እ.ኤ.አ. በ1829 አካሉ ሲመረመር ፍሬው ጤነኛ ሆኖ፣ ከተቆረጠበት ወዲህ ያለው ቱቦም በዘር ተሞልቶ ተገኘ።

ስለዚህ ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ነበሩ። ኋላ ቴስቶስትሮን የተባለው፣ ወንዱን ወንድ የሚያደርገው ንጥረ ነገር የሚጓዘው በደም ነው፤ ቱቦው የሚያወጣው ዘር ብቻ ነው። ሙክቱን የሚለውጠው የፍሬው መሞት እንጂ የመንገዱ መዘጋት አልነበረም። ኩፐር ግን ወሊድ ስለ መከላከል አላሰበም። ማንም ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ አግኝቶ መጽሐፉ ውስጥ አስቀመጠውና ወደ ሌላ ሥራው ሄደ።

የውሻው ሙከራ በተጀመረበት በ1823፣ በዚያው ከተማ፣ ሌላ ሐኪም ስለ ሌላኛው ቱቦ ይናገር ነበር።

ጄምስ ብለንዴል በጋይስ ሆስፒታል ማዋለድ ያስተምር ነበር። የሚያስጨንቀው ዳሌያቸው የጠበበ፣ በምጥ ተይዘው መገላገል የማይችሉ እናቶች ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ሆዷ ተቀዶ የምትወልድ እናት የመትረፍ ዕድሏ እጅግ የመነመነ ነበር፤ ብትተርፍ እንኳ ዳግመኛ ካረገዘች ያው ሞት ይጠብቃታል። ብለንዴል ለተማሪዎቹ እንዲህ ሲል ሐሳብ አቀረበ፦ ሆዷ በተከፈተበት በዚያው ሰዓት የማህፀን ቱቦዎቿ ቢቆረጡ ሁለተኛ አደጋ ላይ አትወድቅም።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ግን እናቶቹ ከመጀመሪያው ቢላ አይተርፉም ነበርና የሚሞከርበት አካል አልተገኘም። ማደንዘዣ እስኪመጣ፣ የቁስል መመረዝ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ከ50 ዓመት በላይ ወረቀት ላይ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1880 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ቶሊዶ በምትባል ከተማ፣ ሳሙኤል ሉንግረን የተባለ ሐኪም አንዲትን እናት ለሁለተኛ ጊዜ በቀዶ ሕክምና አዋለደ። ሆዷን ከመስፋቱ በፊት ሁለቱን ቱቦዎች በሐር ክር ጠበቅ አድርጎ አሠረ። ዛሬ ሰው "ማህፀን ማስቋጠር" የሚለው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተመዘገበው ያን ጊዜ ነበር። አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ሉንግረን ሴቲቱን ለዚህ ብሎ አላስተኛትም። ቀድሞውኑ ተኝታ ነበር፤ ሆዷም ክፍት ነበር። ይህ ትንሽ የሚመስል አጋጣሚ የቀጣዩን መቶ ዓመት አካሄድ ወሰነው።

ደስታው ግን አልዘለቀም። ቱቦዎቻቸው በሐር ከታሠሩ ሴቶች አንዳንዶቹ ማርገዝ ጀመሩ።

ሐኪሞቹ ግራ ገባቸው። ክሩ አልላላም፣ አልተበጠሰም። ተፈጥሯዊ መፍትሔ የመሰላቸው የበለጠ ማጥበቅ ነበር። ጀርመናዊው ማድሌነር ቱቦውን መጀመሪያ በመቆንጠጫ ጨፍልቆ ከዚያ በማይበሰብስ ክር አሠረው። እርግዝናው አልቆመም። ምስጢሩ በራሱ በጥብቀቱ ውስጥ ነበር፦ የማይጠፋ ክር ሁለቱን ጫፎች ዘላለም ጎን ለጎን ያቆያቸዋል፤ አካል ደግሞ ቁስሉን መጠገኑን አያቆምም፤ በክሩ ሥር ቀስ ብሎ ቀዳዳ ያበጃል።

ይህን የተረዳው የብሩክሊኑ ሐኪም ራልፍ ፖሜሮይ ነበር። ሌሎች ጠንካራ ክር ሲፈልጉ እሱ ደካማ ፈለገ። ቱቦውን እንደ ቀለበት አጥፎ በካትገት፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ በሚሟሟ ክር አሠረና ጫፉን ቆረጠ። ክሩ በቀናት ሲሟሟ የተቆረጡት ሁለት ጫፎች ለየብቻ ድነው ተራራቁ። ፖሜሮይ ዘዴውን በቅጡ ሳያሳትም እ.ኤ.አ. በ1925 ሞተ፤ ባልደረቦቹ ናቸው ከአምስት ዓመት በኋላ ለዓለም ያስታወቁለት። የሴቷ ቱቦ በመጨረሻ ሁነኛ ቁልፍ አገኘ።

የወንዱስ? የወንዱ ቱቦ ከቆዳው ሥር በጣት የሚዳሰስ፣ ሆድ መክፈት የማይጠይቅ፣ ኩፐር ጉዳት እንደሌለው ያሳየው ነበር። በሎጂክ ከሄድን ከሴቷ ቀድሞ መስፋፋት ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነበር፤ ገና በጠዋቱ ክፉ እጅ ላይ ወደቀ።

እ.ኤ.አ. በ1899 በኢንዲያና እስር ቤት የሚሠራው ሐኪም ሃሪ ሻርፕ በእስረኞች ላይ ቫሴክቶሚ፣ ማለትም የወንዱን የዘር ቱቦ መቁረጥ፣ መሥራት ጀመረ። በ1907 ግዛቲቱ "ዘራቸው የማይፈለግ" ያለቻቸውን ሰዎች በግዳጅ የምታመክንበትን ሕግ አወጣች። በ1933 የናዚ ጀርመን ተመሳሳይ ሕግ ደነገገች፤ ወደ 400,000 የሚጠጉ ወንዶችና ሴቶች በግድ መከኑ። ቱቦ መቁረጥ የሚለው ነገር ከቅጣት ጋር ተቆራኘ።

ከዚያም ሕንድ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሕንድ ወንዶች በትላልቅ ጊዜያዊ ጣቢያዎች በብዛት ይስተናገዱ ነበር፤ የወንዱ ቀዶ ሕክምና በመጨረሻ ቦታውን ያገኘ መሰለ። በ1975 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለመንግሥት ሠራተኞች ኮታ ተሰጠ፤ ደመወዝ፣ ፈቃድና ራሽን ከምስክር ወረቀቱ ጋር ተያያዘ፤ መንደሮች በፖሊስ ተከበቡ። በአንድ የበጀት ዓመት ብቻ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መከኑ፤ 6 ሚሊዮን ያህሉ ወንዶች ነበሩ። በ1977 ሕዝቡ መንግሥቱን በምርጫ ጣለ። ከዚያ በኋላ የሕንድ ፖለቲከኛ የወንድን ቀዶ ሕክምና ማንሳት ፈራ፤ ሸክሙም በአብዛኛው ወደ ሴቶች ዞረ። ቀላሉ መንገድ በራሱ ስም ተዘጋ።

በዚያው አሥር ዓመት ግን፣ በቻይና ሲቹዋን፣ አንድ ሐኪም ከፖለቲካው ርቆ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ያስብ ነበር፤ ስለ ቢላዋ።

ሊ ሹንቺያንግ በቾንግቺንግ ይሠራ ነበር። ወንዶቹ ለምን እንደሚሸሹ ሲያስተውል የሚያስፈራቸው ስለት መሆኑን አየ። ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጠው፦ ወንዱን ከማሳመን ይልቅ ቢላዋውን ማስወገድ አይቻልም ወይ? እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለት መሣሪያዎች ሠራ። አንደኛው ጫፉ ቀለበት የሆነ መቆንጠጫ ሲሆን ቱቦውን በቆዳው ላይ እንዳለ ይይዘዋል። ሌላኛው ጫፉ የሾለ፣ ቀጭን መቀስ መሰል መሣሪያ ነበር፤ በደነዘዘው ቆዳ ላይ ቀዳዳ ይበሳና ሥጋውን ሳይቆርጥ ወደ ጎን ይለጥጠዋል። ደም የሚያንጠባጥብ የለም ማለት ይቻላል። ቀዳዳው ስለሚያንስ ስፌት አያስፈልገውም። ሰውየው ከደቂቃዎች በኋላ ሱሪውን አስሮ በእግሩ ይሄዳል።

ዘዴው ከቻይና ሳይወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ቡድን ሊጎበኝ መጥቶ የሊን እጅ ተመለከተ። ያዩትን ይዘው ሄዱ። ቀጥሎ የቀረው ይህ ዘዴ ከቀድሞው በእርግጥ ይሻል እንደሆነ የሚለይበት ፈተና ነበር፤ ፈተናውም ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ በልደት በዓል ላይ ተካሄደ።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.፣ የታይላንድ ንጉሥ 60ኛ ዓመታቸውን ያከበሩበት ዕለት ነበር። ሜቻይ ቪራቫይድያ የመሠረቱት ድርጅት በንጉሡ ልደት በባንኮክ ለወንዶች ነጻ ቫሴክቶሚ የሚሰጥበት በዓል የማዘጋጀት ልማድ ነበረው። በዚያ ቀን 1,203 ወንዶች ተሰለፉ። 28 ሐኪሞች ከፊሉ በቢላዋ፣ ከፊሉ በሊ ዘዴ ሠሩ። ውጤቱ ሲቆጠር በቢላዋ ከተሠሩት 100 ሰዎች መካከል 3 ያህሉ እንደ ደም መቋጠርና ቁስለት ያለ ችግር ገጠማቸው፤ በሊ ዘዴ ከተሠሩት ግን ከ200 አንድ እንኳ አልሞላም። ሊ ትክክል ነበር።

በዚያው ጊዜ በአሜሪካ አንድ ሌላ ምርመራ በዝምታ እየተካሄደ ነበር። ክሬስት የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ቱቦዎቻቸውን ያስቋጠሩ 10,685 ሴቶችን ይከታተል ነበር። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ያመኑት አንድ ነገር ነበር፦ ቋጠሮው የሚከሽፍ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት ይከሽፋል፤ ከዚያ በኋላ ሴቲቱ በእፎይታ መኖር ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ውጤቱ ሲታተም ያ እምነት ፈረሰ። እርግዝና በሦስተኛውም፣ በስምንተኛውም ዓመት ይከሰት ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ከ1,000 ሴቶች 18 ወይም 19ኙ እንደሚያረግዙ ተሰላ፤ በክትትሉ 143 እርግዝናዎች ተመዘገቡ፤ ከእነዚህም አንድ ሦስተኛው ያህሉ ከማህፀን ውጪ የተፀነሰና ለሕይወት የሚያሰጋ ነበር። ካስቋጠሩት መካከል ዕድሜያቸው 30 ወይም ከዚያ በታች ከነበሩት ከ5 አንዷ ውላ አድራ ተጸጽታለች፤ ከ30 በላይ ከነበሩት ግን ከ100 ስድስት ያህሉ ብቻ። መፍታት ደግሞ ከመቋጠር እጅግ ይከብዳል፤ መሳካቱም ዋስትና የለውም።

አሁን ሁለቱ ቱቦዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሴቷ ሆድ ተከፍቶ ይሠራል፤ የወንዱ ከቆዳ ሥር። በመጀመሪያው ዓመት የሴቷ ከ1,000 አምስት ያህል ጊዜ ይከሽፋል፤ የወንዱ አንድ ወይም ሁለት። የወንዱ አንድ ጉድለት ነበረበት፦ ዋናው ቧንቧ ቢዘጋም በመስመሩ የቀረው ውሃ እንደሚፈስ ሁሉ፣ ከቋጠሮው ወዲያ የተጠራቀመ ዘር ለሦስት ወር ያህል ይወጣል፤ ስለዚህ ጥንዶቹ በዚያ ጊዜ ሌላ መከላከያ መጠቀምና በመጨረሻ በላቦራቶሪ ማረጋገጥ ነበረባቸው። የሴቷ ግን ወዲያው ይሠራል። ከዚህ በቀር ሚዛኑ በሁሉም በኩል ወደ ወንዱ አደላ። ዓለም ግን ወደ ሴቷ አዘነበለ፤ ኢትዮጵያም ከዚህ አልራቀችም።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር። በ1958 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ኋላም ደሴን ጨምሮ ወደ ክፍለ አገር ከተሞች ሥራውን ዘረጋ። በ1985 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ወጣ፤ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረና ባለሙያዎቹ ከቤት ቤት መዞር ጀመሩ። ለውጡ ፈጣን ነበር። በ1992 ዓ.ም. ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ የነበሩት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 6 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 35 ደረሱ፤ በአማራ ክልል ደግሞ ወደ ግማሽ ተጠጉ። አብዛኞቹ በሦስት ወር የሚወጋውን መርፌ፣ ቀጥሎም በክንድ የሚቀበረውን መረጡ። ማህፀን ያስቋጠሩት ግን ከ100 አንዷን አልሞሉም። የወንዶቹ ቁጥር በአገር አቀፉ ጥናት ሠንጠረዥ ላይ ዜሮ ሆኖ ታተመ።

እዚህ ላይ እንቆቅልሹ ወሎ ገባ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሆስፒታሉም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በዚህ መስመር ላይ ናቸው። ሐኪም፣ ማደንዘዣና መቀስ የሚጠፋበት አካባቢ አልነበረም። እንደ ማሪ ስቶፕስ ያሉ ድርጅቶችም ተንቀሳቃሽ ቡድን አሰማርተው በአገሪቱ ሴቶችን በአካባቢ ማደንዘዣ፣ በትንሽ ቀዳዳ ያስቋጥሩ ነበር፤ ስፔሻሊስት በሌለበትም ጤና መኮንኖች ሠልጥነው ሥራውን በደህና መሥራት እንደሚችሉ ታየ። ታዲያ ወንዱ ለምን አልመጣም?

የመጀመሪያው ምክንያት ሙክቱ ነበር። ቡና እየተፈላ ስለ ቤተሰብ ዕቅድ ወሬ በተነሳ ቁጥር፣ ቫሴክቶሚ የሚለው ነገር ሲነሳ ወንዶቹ ይስቃሉ ወይም ይቆጣሉ፤ ሚስቶቻቸውም አንዳንዴ ከእነሱ በላይ ይፈራሉ። ሁለተኛው እምነት ነበር። ብዙ ዑለማዎች ያለ ሕክምና ምክንያት ዘርን ለዘለቄታው መዝጋት እንደማይፈቀድ ያስተምሩ ነበር፤ የኦርቶዶክስ አባቶችም እንዲሁ። ሦስተኛው የወሎ ታሪክ ራሱ ነበር። የ1966ንና የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ ያየ፣ በ2014 ዓ.ም. መኸርም ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ የተመለከተ ሕዝብ፣ ዳግመኛ ለማይከፈት በር መጠንቀቁ አያስደንቅም ነበር።

እነዚህ ምክንያቶች እውነት ናቸው፤ ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ሴቷንም ይመለከታሉ። የጸሎት ቤቱ ትምህርት ለሁለቱም አንድ ነበር፤ ረሃቡም አልመረጠም። እንዲያም ሆኖ ጥቂት ሴቶች አስቋጠሩ፤ ወንዶች ግን ከቁጥር አልገቡም። ልዩነቱን ለማየት ወደ ሉንግረን ክፍል መመለስ ያስፈልጋል።

እዚያ ሴቲቱ አስቀድማ ተኝታ ነበር። በወሎም እንደዚያው ሆነ። ሴቷ ለእርግዝና ክትትል ትመጣለች፣ ለመውለድ ትመጣለች፣ ልጇን ለማስከተብ ትመጣለች። ባለሙያው በየመምጣቷ "ከእንግዲህስ?" ብሎ ሊጠይቃት ይችላል። በቀዶ ሕክምና ለሦስተኛ ጊዜ ስትወልድ ደግሞ ሐኪሙ ዳግም እርግዝና እንደሚያሰጋት ይነግራታል፤ ከፈለገች በዚያው ሰዓት ይቋጠርላታል። ጤነኛ ወንድ ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያመጣው ቀጠሮ የለውም። ሥርዓቱ በእናትና በሕፃን ዙሪያ የተሠራ ስለነበር፣ የባልየውን ሐሳብ የሚጠይቅ ሰው አልተመደበም። ቫሴክቶሚ ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳያስታውሰው፣ በራሱ እግር ተነስቶ የሚመጣ ወንድ ይፈልጋል። ባንኮክ ያደረገው ይህን ክፍተት መሙላት ነበር፤ ለወንዶች አንድ ቀን ሰጣቸው። የሊ መሣሪያ ፍርሃቱን ሲያስታግስ፣ የንጉሡ ልደት አጋጣሚውን ፈጠረ።

የሕንድ ትምህርትም ከዚህ ጋር መታወስ አለበት። አጋጣሚ መፍጠርና ማስገደድ በሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ባንኮክ የተሰለፈው ወንድ ተመልሶ መሄድ ይችል ነበር፤ በተከበበው የሕንድ መንደር የነበረው አልቻለም። ስለዚህ ለደሴና ለኮምቦልቻ የሚበጀው ኮታ ወይም ዘመቻ አልነበረም። የሚበጀው ከዚያ ያነሰና ከዚያ የሚከብድ ነገር ነበር፦ ባለቤቱ ሦስተኛ ልጇን በቀዶ ሕክምና ለወለደች ባል የሆስፒታሉ ባለሙያ ወንበር ስቦ፣ ሁለቱም ባሉበት፣ የሁለቱንም ቱቦዎች ጥቅምና ጉዳት፣ የሦስት ወሩን ጥበቃ፣ የመመለሻ መንገዱን ጥበት፣ ሁሉንም ማስረዳት። መልሱ "አይሆንም" ቢሆን እንኳ፣ ባልየው የተጠየቀበት የመጀመሪያው ቀን ይሆን ነበር።